ልጆቻችንን መጥታችሁ እዩ፦ ለክለብ አመራሮች ግልጽ ደብዳቤ

ለፕሪሚየር ሊግና ለከፍተኛ ሊግ ክለቦች የሥራ አመራር ቦርዶች፣ ሥራ አስኪያጆችና ዋና አሰልጣኞች

ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን፣ ለኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አክሲዮን ማኅበር

ክቡራትና ክቡራን፣

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታችንን እናቀርባለን።

እኛ በአዲስ አበባ በየሰፈሩ ታዳጊዎችን የምናሠለጥን የፕሮጀክት አሰልጣኞች ነን። “ፕሮጀክት” የምንለው የሰፈር ታዳጊዎች የሚሠለጥኑበትን ቡድን ነው። አብዛኞቻችን በዚህ ሥራ ደመወዝ የለንም። አንዳችን መምህር ነን፣ አንዳችን ሹፌር፣ አንዳችን የሱቅ ነጋዴ። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ሜዳ ላይ ነን። ከዚያ ወደ እንጀራችን እንሄዳለን። ኳስ የምንገዛው ከራሳችን ኪስ፣ ከወላጆች መዋጮና ከሰፈር ባለሱቆች ለምነን ነው። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ባልደረቦቼ ወክለውኛል። ስለዚህ አንዳንዱን “እኛ”፣ እኔ ያየሁትን ደግሞ “እኔ” እያልኩ እጽፋለሁ።

ለመጻፍ ያስነሣን ባለፈው ሐምሌ የሆነው ነገር ነው። አንድ ክለብ ከ17 ዓመት በታች ቡድኑን በተነ። ምክንያቱ “የበጀት እጥረት” ተባለ። ልጆቹ ስብሰባ እንኳ አልተጠሩም። በስልክ ነው የተነገራቸው። ከእነዚያ ልጆች ሰባቱ ከእኛ ፕሮጀክቶች የሄዱ ናቸው። በዚያው ወር ያው ክለብ ለዋናው ቡድን አሥራ አንድ አዳዲስ ተጫዋቾች አስፈረመ። ከፈራሚዎቹ አንዱ እንኳ በራሱ ታዳጊ ቡድን ያደገ አልነበረም።

ስልክ ከተደወለላቸው ልጆች አንዱ በማግስቱ ጠዋት ወደ ሜዳችን መጣ። የክለቡን ቱታ አጥቦና አጥፎ በፌስታል ይዞታል። “ጋሼ፣ መልሱ ተብለናል። ለማን ነው የምመልሰው?” አለኝ። የሚመልስለት ሰው አላወቀም። እኔም አላወቅኩም። አሠልጣኙም ከልጆቹ ጋር አብሮ ተሰናብቷል። ቱታው እስካሁን እኔ ቤት አለ።

የክለቡን ስም አንጠራም። አንድ ክለብ ለይተን ለመክሰስ አልተነሣንም። ይህ ነገር የአንድ ክለብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቢሮው ድረስ ሄደን እናነጋግር ነበር።

መጀመሪያ “ሙከራ” ስለምትሉት ነገር እንንገራችሁ።

አምና መስከረም ላይ አንድ ክለብ ለተስፋ ቡድኑ፣ ማለትም ለዋናው ቡድን ተተኪ ለሚያፈራው ቡድን፣ ልጆች እንደሚፈልግ ሰማን። ማስታወቂያ አልወጣም። ወሬው የደረሰን ከሰው ሰው ነው። ስድስት ልጆች ይዤ ሄድኩ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ስንደርስ በሩ ላይ ከመቶ በላይ ልጆች ተሰልፈዋል። ከጅማ ተሳፍረው መጥተው ሌሊቱን አውቶቡስ ተራ ያሳለፉ ሁለት ወንድማማቾች ከፊታችን ነበሩ። ሜዳ የተገባው 3 ሰዓት ላይ ነው። ልጆቹ አሥራ አንድ አሥራ አንድ ሆነው ተከፈሉ። ለእያንዳንዱ ግጥሚያ 15 ደቂቃ ተሰጠ። ስም የጻፈ ሰው የለም። ዕድሜ የጠየቀ የለም። ቁጥር ያለው ማልያ ስላልተሰጠ መልማዩ፣ ልጆቹን የሚመርጠው የክለቡ ሰው፣ “ያ ቀይ ካልሲው”፣ “ያ ረጅሙ” እያለ ነበር የሚጠራው። መሐል ላይ ስልክ ተደወለለትና እያወራ ወደ ጥላው ሄደ። ጨዋታው ቀጠለ። የእኔ የግራ መስመር ተከላካይ የተጫወተው በእነዚያ ደቂቃዎች ነው።

ያ ልጅ በ15 ደቂቃ ውስጥ ኳስ የነካው ሦስት ጊዜ ነው። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። በእንዲህ ዓይነት ሙከራ ላይ ኳስ የሚያቀብል የለም። ሁሉም ራሱን ማሳየት ይፈልጋል። ያንን አጋጣሚ ሲጠብቅ የከረመ ልጅ እንዴት ለማያውቀው ልጅ ኳስ ያቀብላል? ስለዚህ የሚታየው አብዶ የሚሠራው ነው። ቦታውን ጠብቆ የሚጫወት ተከላካይ አይታይም። ሁለት ንክኪ ተጫውቶ ጨዋታ የሚያፈጥን አማካይም አይታይም። ከዚያ ቀጥሎ የሚታየው ቁመት ነው። የ14 ዓመት ልጅ ረጅምና ጠንካራ ከሆነ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ስለጎረመሰ ነው። በ18 ዓመቱ ሌሎቹ ይደርሱበታል። ዘግይቶ የሚያድገው ልጅ ግን በ14 ዓመቱ “ትንሽ ነው” ተብሎ ተመልሷል። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አሰልጣኞቻችሁ በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የሥልጠና ኮርሶች ላይ ተምረውታል። ሜዳ ላይ ሲደርሱ ግን ጊዜ የለም፣ መዝገብ የለም፣ ሁለተኛ ዕድል የለም።

እኔ አንድ የተማሪ ደብተር አለኝ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ። ስለዚያ የግራ መስመር ተከላካይ የጻፍኩትን እንዳለ ልገልብጠው፦ “ግራ እግሩ ብቻ። ኳስ ከመቀበሉ በፊት ዞር ብሎ ያያል። ሲሸነፍ አይጮህም። ዝናብ ሲዘንብ ይቀራል፤ ታኬታ የለውም።” ይህን ለማወቅ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። የመጣ መልማይ ቢጠይቀኝ በአምስት ደቂቃ እነግረው ነበር። በ11 ዓመት የአሠልጣኝነት ሕይወቴ ግን ደብተሬን “እስቲ ላየው” ያለኝ የክለብ ሰው አላጋጠመኝም።

እናንተ ጋ ያለው የዋናው ቡድን ምልመላም ቢሆን ከዚህ ብዙ የተለየ አይመስለንም። ክረምት ሲመጣ አሠልጣኝ ይቀየራል። አዲሱ አሠልጣኝ የሚያውቃቸውን ተጫዋቾች ዝርዝር በስልኩ ይዞ ይመጣል። ደላላው የራሱን ዝርዝር ይዞ ይመጣል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ግማሽ ቡድን ይለወጣል። ከዚያ ውጤት ሲጠፋ አሠልጣኙ ይሰናበታል። ቀጣዩ ደግሞ የራሱን ዝርዝር ይዞ ይመጣል። ቀድሞ የፈረሙት ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጠው ደመወዝ ይጠብቃሉ። ክለቡ ራሱ ግን ምን ዓይነት ተጫዋች እንደሚፈልግ የጻፈበት አንድ ወረቀት የለውም። አሠልጣኙ ሲሄድ እውቀቱም አብሮት ይሄዳል።

ይህ የግል ንብረት ቢሆን ኖሮ “የራሳቸው ጉዳይ” ይባል ነበር። ብዙዎቹ ክለቦቻችን ግን የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደሮችና በመንግሥት ተቋማት በጀት ነው። የሚከፈለው የፊርማ ገንዘብ የሕዝብ ገንዘብ ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የተጫዋቾች የወር ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር እንዲሆን ሲወሰን ደስ ብሎን ነበር። የሚተርፈው ወደ ታዳጊዎች ይሄዳል ብለን ተስፋ አድርገን ነበር። እኛ ሜዳ ላይ ግን የደረሰ ነገር የለም። አንድ ኳስ እንኳ።

መዝገብ አለመያዝ ምን እንደሚያስከፍል አገር ያየው ታሪክ አለን። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. እሁድ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸነፍን። ብራዚል ለሚደረገው የዓለም ዋንጫ ወደ መጨረሻው ጥሎ ማለፍ ያለፍን መስሎን ከተማው ሁሉ አደባባይ ወጣ። እኔም ወጥቼ ጨፍሬአለሁ። በዚያው ቀን ፊፋ ጉዳያችንን እየመረመረ እንደሆነ ተሰማ። ቀደም ብሎ ከቦትስዋና ጋር በነበረው ጨዋታ ሁለት ቢጫ ካርድ የነበረበትና መሰለፍ የማይገባው ተጫዋች ተሰልፎ ነበር። በሜዳ 2 ለ 1 ያሸነፍነው ጨዋታ 3 ለ 0 እንደተሸነፍን ተቆጠረ። ሦስት ነጥብ ሄደ። በኋላ ማዕከላዊ አፍሪካን አሸንፈን ማለፋችን አልቀረም። ግን ያ ሁሉ ጭንቀት የመጣው ሁለት ቢጫ ካርድ ወረቀት ላይ አስፍሮ የሚከታተል ሰው ስለጠፋ ነው። ተጫዋቾቹ ሥራቸውን ሠርተው ነበር።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይበት፤ ብዙ ወላጆችና አንዳንድ የክለብ ሰዎችም ስለማያውቁት።

በፊፋ ደንብ መሠረት አንድ ተጫዋች ኮንትራቱ ሳያልቅ በገንዘብ ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር ሲዘዋወር፣ ከዝውውር ክፍያው 5 በመቶው ከ12 ዓመቱ እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። የአብሮነት ክፍያ ሊባል የሚችል ነው። ከ12 እስከ 15 ዓመቱ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ከጠቅላላው ክፍያ ሩብ በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ዓመቱ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ግማሽ በመቶ። በቁጥር እንየው። አንድ ልጅ በ400 ሺህ ዶላር ተሸጠ እንበል። 5 በመቶው 20 ሺህ ዶላር ነው። ከ12 እስከ 15 ዓመቱ አራት ዓመት ያሠለጠነው ክለብ 4 ሺህ ዶላር ይደርሰዋል። በዚህ ገንዘብ አንድ የሰፈር ፕሮጀክት ለዓመታት ኳስ፣ ታኬታና የሜዳ ኪራይ ይሸፍናል። ፊፋ ይህን ክፍያ የሚያስፈጽም የክፍያ ማዕከልም እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ሥራ አስጀምሯል። ክፍያው የሚሰላው በተጫዋቹ የምዝገባ ታሪክ ነው። የትኛው ዓመት የት እንደተመዘገበ ታይቶ።

የእኛ ልጆች የምዝገባ ታሪክ ግን የሚጀምረው ክለብ ሲገቡ ነው። አንዳንዱ በ17፣ አንዳንዱ በ19 ዓመቱ። ከዚያ በፊት ያሉት ዓመታት በሰነድ ላይ የሉም። ልጁ ከሰማይ ዱብ ያለ ይመስላል። አጥቂው አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. 29 ጎል አግብቶ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰብሮ በቀጣዩ ዓመት ለደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሲፈርም ሁላችንም ኮርተናል። በየፕሮጀክቱ ያሉ ልጆች ስሙን እየጠሩ ነው ኳስ የሚመቱት። ነገ እንደ እሱ የሚሄድ ልጅ ከእኛ ሜዳ ቢወጣ፣ ያ ሜዳ በወረቀት ላይ አይኖርም። እኛ ክለብ ሆነን በፌዴሬሽን የተመዘገብን አይደለንም። ልጆቹን ስትወስዱ “ከዚህ እስከዚህ ዓመት እዚያ ሠልጥኗል” ብላችሁ የምትፈርሙልን ወረቀት እንኳ የለም። የምትሰጡን በቃል የሆነ ምስጋና ነው። አንድ ባልደረባችን አራት ልጆች ለአንድ ክለብ ሰጥቶ ሦስት ኳስ እንደሚሰጠው ቃል ተገብቶለት ነበር። አራት ዓመት ሆነው።

ስለ ውልም የምንለው አለን። አንድ የ16 ዓመት ልጅ ክለብ ገባ። አባቱ ማንበብ አይችሉም። ቢሮ ተጠርተው ጣታቸውን ቀለም ነክረው አሻራ አሳረፉ። ቅጂ አልተሰጣቸውም። ልጁ ለስንት ዓመት እንደፈረመ የሚያውቅ በቤቱ ውስጥ አንድ ሰው አልነበረም። ሁለተኛ ዓመቱ ላይ መሰለፍ ሲያቅተው ሌላ ክለብ ፈለገው። መልቀቂያ ተከለከለ። “ውሉ አምስት ዓመት ነው” ተባለ። የፊፋ ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከሦስት ዓመት በላይ ውል እንዳይፈርም ይላል። ይህን ለአባቱ የነገራቸው አልነበረም። ልጁ አንድ ዓመት ሙሉ ሳይጫወት ቆየ። በ17 ዓመት ላይ ያለ ልጅ አንድ ዓመት ሳይጫወት ሲቀር ምን እንደሚያጣ ለእናንተ አንነግርም። አሁን ባጃጅ ይነዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ትንንሾቹን ያሠለጥንልኛል። መጫወቱን ግን ትቷል።

ደመወዝ ሳይከፈላቸው ወራት የሚቆዩ ተጫዋቾችም ወደ እኛ ይደውላሉ። ሁለት የወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች ለክለቡ በጽሑፍ አሳውቆ ቢያንስ 15 ቀን ከጠበቀ በኋላ ውሉን ማፍረስ እንደሚችል የዓለም አቀፉ ደንብ ይላል። ልጆቹ ይህን ቢያውቁም አያደርጉትም። “ነገ ማን ያስፈርመኛል?” ብለው ይፈራሉ። ፍርሃታቸው እውነት ነው።

ዕድሜን በተመለከተ ራሳችንንም አንምርም። ከእኛ መካከል የልጅ ዕድሜ ቀንሶ ወረቀት ያስወጣ አለ። ግን ይህን የሚጠይቀን ማን ነው? “የ17 ዓመት ወረቀት ካለው አምጣው” የሚል ስልክ የሚደወልልን ከክለብ ነው። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ ዕድሜን ለማጣራት የእጅ አንጓን በኤምአርአይ እያስመረመረ ነው። እዚህ በሐሰት ወረቀት የገባ ልጅ እዚያ ሲደርስ ይወድቃል። ቦታውን የተነጠቀው እውነተኛው የ15 ዓመት ልጅ ደግሞ እቤቱ ቀርቷል። ከ20 ዓመት በታች ብሔራዊ ቡድናችን በ1993 ዓ.ም. አርጀንቲና ላይ በዓለም ሻምፒዮና ተጫውቷል። ከዚያ ወዲህ አልተመለስንም።

ሴቶቹን ማንሣት ግድ ነው። የብሔራዊ ቡድን አጥቂዋ ሎዛ አበራ ከዱራሜ ተነስታ እስከ ማልታ ሄዳ ተጫውታለች። በእኛ ፕሮጀክቶች ከአርባ በላይ ሴት ልጆች አሉ። እነሱን ለማየት የመጣ መልማይ እስካሁን የለም። ለወንዶቹ መጥፎ ሙከራ አለ። ለሴቶቹ ሙከራውም የለም።

አንድ ነገር ጨምረን ወደ ጥያቄያችን እንገባለን። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሊጉ በቴሌቪዥን ይተላለፋል። ጨዋታዎቹም በተመረጡ ከተሞች ይካሄዳሉ። ስርጭቱን አንቃወምም። ግን ቡድኖቻችሁ ለሳምንታት ሆቴል ውስጥ ስለሚቆዩ ልጆቻችን የሰፈራቸውን ክለብ በዓይናቸው ሳያዩ እያደጉ ነው። አሠልጣኞቻችሁም ልጆቹን አያዩም። ቤታቸው ጨዋታውን ማየት የማይችሉ ልጆች ከሻይ ቤት በር ላይ ቆመው ነው የሚያዩት። ቢያንስ ዕረፍት ባለባቸው ሳምንታት ተጫዋቾቻችሁን ይዛችሁ አንድ ጠዋት ወደ ሰፈር ሜዳ ብትመጡ ወጪው የነዳጅ ብቻ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

የበተናችሁትን ታዳጊ ቡድን መልሱ። በጀት ካነሰ ከዋናው ቡድን የአንድ ፈራሚ የፊርማ ገንዘብ ቀንሱና መልሱ። ምላሻችሁን በዚህ ክረምት እንፈልጋለን፤ ልጆቹ በየቀኑ እያደጉ ነውና።

እያንዳንዱ ክለብ ቢያንስ አንድ ቋሚ መልማይ ይቅጠር። በሜዳ እየዞረ የሚያይ፣ አንድን ልጅ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያይ፣ ያየውን የሚጽፍ። ጽሑፉ የአሠልጣኙ ሳይሆን የክለቡ ንብረት ይሁን። ሙከራ ስታደርጉ ቀኑን በአደባባይ ለጥፉ። ለልጆቹ ቁጥር ስጡ። ያልተመረጠውን “አልተመረጥክም፣ ምክንያቱ ይህ ነው” በሉት።

ከፕሮጀክት ልጅ ስትወስዱ ከስንት እስከ ስንት ዓመቱ የት እንደሠለጠነ የሚገልጽ ወረቀት ከእኛ ጋር ፈርሙ። ፌዴሬሽኑ ደግሞ የሰፈር ፕሮጀክቶች በቀላሉና በአነስተኛ ክፍያ የሚመዘገቡበትን መንገድ እንዲከፍት፣ ልጆቹም ከ12 ዓመታቸው ጀምሮ በስማቸው መዝገብ እንዲከፈትላቸው እንጠይቃለን። ያን ጊዜ የዕድሜውም ጣጣ በከፊል ይቃለላል። በ12 ዓመቱ የተመዘገበ ልጅ ከአምስት ዓመት በኋላ 15 ነኝ ሊል አይችልም።

ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ውል ሲፈርም ወላጅ በሚገባው ቋንቋ ተነብቦለት፣ ቅጂው እጁ ላይ ተሰጥቶት ይሁን። ከሦስት ዓመት በላይ አታስፈርሙ። መልቀቂያ የከለከላችኋቸውን ታዳጊዎች ስም አክሲዮን ማኅበሩና ፌዴሬሽኑ እንዲጠይቋችሁ እንጠይቃለን። እኛ ጋ የምናውቃቸው ስሞች አሉ። ለሚመለከተው አካል በአካል እናቀርባለን።

ለሴቶች ልጆች ደግሞ አንድ ቀን መድቡ። አንድ ቀን ብቻ። ቀኑን ንገሩን፣ ልጆቹን ይዘን እንመጣለን።

ለመነጋገር ዝግጁ ነን። ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ብዙዎቻችን ጃን ሜዳ እንገኛለን። ደብተሮቻችንን ይዘን እንጠብቃችኋለን። የታጠፈውንም ቱታ ይዤ እመጣለሁ። የሚረከበኝ ሰው ላኩልኝ።

ከአክብሮት ጋር

በአዲስ አበባ የሚገኙ የታዳጊ ፕሮጀክት በጎ ፈቃደኛ አሰልጣኞች
(በተወካያቸው፣ ከ15 ዓመት በታች ፕሮጀክት አሠልጣኝ)